የአድራሻ ግንድ
የኮምፒዩተር መረብ አድራሻ በሠንጠረዥ ስለሚያዝበት ታሪክና ስለ አማርኛ ስያሜው

ወደ አማርኛ በሚመለሱ የኮምፒዩተር ጽሑፎች ውስጥ የመረብ አድራሻ የፊት ክፍል «ቅድመ ቅጥያ» ተብሎ ሲሰየም ይታያል። ቃሉ ለሰዋስው ተማሪ እንግዳ አይደለም። በ«ተሰበረ» ላይ ያለውን «ተ-»፣ በ«አስወሰደ» ላይ ያለውን «አስ-» የምንጠራበት ነው። በሰዋስው ቅጥያ የሚባለው በጸናው ግንድ ላይ የሚታከለው፣ ሊነሣና ሊለወጥ የሚችለው ክፍል ነው። በመረብ አድራሻ ግን የሚጸናውና ብዙ አድራሻዎች በጋራ የሚይዙት የፊተኛው ክፍል ሲሆን፣ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚለዋወጠው የኋለኛው ነው። በሰዋስው ሚዛን ብንመዝነው የፊተኛው ግንድ፣ የኋለኛው ቅጥያ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የተለመደው ስያሜ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል ማለት ነው።

ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለልማድ በተውነው ነበር። ይሁን እንጂ የስያሜው ስሕተት ወደ አሠራር ስሕተት ይመራል። የአድራሻን ግንድ «በፊት የተቀጠለ የፊደል ጥቅል» አድርጎ የተረዳ ሰው በመረጃ ሠንጠረዥ ውስጥም እንደ ፊደል ጥቅል ይፈልገዋል፤ ያልፈለገውንም ያገኛል። ይህን ለማስረዳት የአድራሻን ታሪክ ባጭሩ እንከተላለን። ማነጻጸሪያችንም ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ይሆናሉ፤ አንድ ቦታ በብዙ አጻጻፍና በብዙ ቁጥር ሲጠራ ምን እንደሚደርስበት በዚያ አካባቢ ስሞች ላይ በጉልህ ይታያልና።

፩. «አድራሻ» የሚለው ቃል

የ«አድራሻ» ሥር ድ-ር-ስ ነው። ከ«ደረሰ» «አደረሰ»፣ ከ«አደረሰ» «አድራሽ» ይገኛል፤ «ሰ» በላንቃ ተጽዕኖ ወደ «ሸ» መለወጡ በ«መድረሻ»ም የሚታይ ነው። የቀድሞ ደብዳቤ «ይድረስ» ብሎ ሲጀምር የተጠቀመው በዚሁ ሥር ነው። በመሆኑም የአማርኛው ቃል በመሠረቱ የሚያመለክተው የሰው መኖሪያን ሳይሆን የተላከው ነገር የሚደርስበትን ምልክት ነው። ለመረብ ቴክኖሎጂ ከዚህ የተሻለ ቃል ሊገኝ አይችልም፤ የመረብ አድራሻ ተግባሩ መልእክትን ማድረስ እንጂ የተቀባዩን ማንነት መግለጽ አይደለምና።

ይህ ልዩነት በዋግ ታሪክ ውስጥ ምሳሌ አለው። «ዋግ ሹም» የሚለው ማዕርግ አገሩንና ሹመቱን አንድ ላይ ይናገራል። ለዋግ ሹም የተላከ ደብዳቤ የቤት ቁጥር ሳያስፈልገው ይደርስ ነበር። ዋግ ሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ድረስ ሲነግሡ ሰውዬው ከማዕርጉ ተለዩ፤ ማዕርጉ ግን ለዋግ ቀረ። አድራሻው ጸንቶ ባለ አድራሻው ተለወጠ ማለት ነው።

የዘመናዊው ፖስታ አገልግሎት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ሲቋቋም፣ ኢትዮጵያም በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ አድራሻ ከማዕርግና ከአገር ስም ወደ ቁጥር መሸጋገር ጀመረ። በአገራችን የቤት ለቤት እደላ ስላልተለመደ ዋናው ምልክት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሆነ። «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለው አጽሕሮት ቁጥር ያለ ከተማ ስም ትርጉም እንደሌለው ያስተማረን የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ አንድ ዓይነት ቁጥር በሰቆጣም በደሴም ሊኖር ይችላልና። ከተማው ግንድ፣ የሣጥኑ ቁጥር ጫፍ ነው።

፪. አንድ ከተማ፣ ብዙ ግንድ

ሰቆጣ በቀድሞው አስተዳደር በወሎ ክፍለ ሀገር የዋግ አውራጃ ከተማ ነበረች። ዛሬ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ ከስፍራዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ የምትጠራበት ግንድ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በክፍለ ሀገር የተደራጀ ሲሆን፣ የ1994ቱና የ2007ቱ በክልል የተደራጁ ናቸው። እነዚህን ቆጠራዎች በአንድ ሠንጠረዥ ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ወሎ ሥር የተመዘገበው ዋግና አማራ ሥር የተመዘገበው ዋግ ኽምራ የሚገናኙበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት ይኖርበታል።

በቦታ መለያ ቁጥሮች አሰጣጥ የአማራ ክልል 03፣ በውስጡም ዋግ ኽምራ 08 ነው፤ አንድ ላይ 0308 ይሆናል። የወረዳዎቹ ቁጥሮች ሁሉ በዚህ ግንድ ይጀምራሉ። በሌላ በኩል የሰቆጣ የመደበኛ ስልክ ቁጥር በ033 ይጀምራል፤ ይህም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከላሊበላ ጋር የሚያስተሳስራት ግንድ ነው። የአስተዳደሩ ቁጥር አዲሱን አወቃቀር ሲከተል፣ የስልኩ ቁጥር የወሎን አቅጣጫ ይዟል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ማድረስ የተፈለገው ነገር የተለያየ ነውና።

ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። አድራሻ በደረጃ የተሠራ ነገር ነው፤ ሰፊው ጠባቡን ያቅፋል። በአድራሻ ላይ የሚቀርበው ዋና ጥያቄ «ይህ በዚያ ውስጥ ነውን?» የሚል ነው።

፫. የመረብ አድራሻ አመጣጥ

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የመረብ አድራሻ ሥርዓት፣ ማለትም አራተኛው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1981 በጆን ፖስቴል አዘጋጅነት በሰነድ ወጣ። በጥር 1 ቀን 1983 ደግሞ የአሜሪካው አርፓኔት መረብ ወደ አዲሱ ሥርዓት ተዛወረ። በዚህ ሥርዓት አድራሻ 32 ቢት ያለው አንድ ቁጥር ነው። ለሰው ዓይን እንዲመች ብቻ በአራት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 255 ሆኖ፣ በነጥብ እየተለየ ይጻፋል። ነጥቡ የአጻጻፍ እንጂ የአድራሻው አካል አይደለም። ጠቅላላው የአድራሻ ብዛት 4,294,967,296 ነው።

በመጀመሪያው ዘመን የግንዱ ርዝመት በሦስት መደብ ተወስኖ ነበር፤ ይኸውም 8፣ 16 ወይም 24 ቢት። በውጤቱም አንድ ድርጅት የሚያገኘው ወይ 256፣ ወይ 65,536፣ ወይ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ነበር። 256 የማይበቃው፣ 65,536 የሚበዛበት ድርጅት ሁሉ ሀብት ያባክን ጀመር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 መደቡ ቀርቶ ግንድ በማናቸውም ቢት ላይ እንዲቆረጥ ተወሰነ። የግንዱም ርዝመት ከአድራሻው ቀጥሎ በእዝባር ይጻፍ ጀመር።

ለምሳሌ ያህል 10.3.8.0/22 ብንል የመጀመሪያዎቹ 22 ቢቶች ግንድ ሲሆኑ የቀሩት 10 ቢቶች ተለዋዋጭ ናቸው። ይህም ከ10.3.8.0 እስከ 10.3.11.255 ያሉትን 1,024 አድራሻዎች ያቅፋል። በ10 የሚጀምሩት አድራሻዎች ማንም በውስጥ መረቡ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ ስለሆኑ ለማስተማሪያ ይመቻሉ። 3 እና 8 የሚሉትን ከላይ ካየነው 0308 ጋር እንዲመሳሰሉ የመረጥናቸው እኛ ነን እንጂ ማንም መሥሪያ ቤት የሚሠራባቸው አይደሉም።

ራውተር የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው በግንድ ነው። የእያንዳንዱን አድራሻ መንገድ አያውቅም፤ የግንዶችን መንገድ ያውቃል። ለአንድ አድራሻ ሁለት ግንዶች ቢስማሙ ረጅሙን ይመርጣል፤ ረጅሙ ግንድ ጠባቡን ስፍራ ስለሚያመለክት ነው። የደብዳቤ ለዪም እንዲሁ አስቀድሞ አገርን፣ ቀጥሎ ከተማን፣ በመጨረሻ ሣጥንን ያያል።

በአገራችን የኢትዮጵያ የመረብ ስም መለያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመዘገበ። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት በጥር 1997 ጀመረ። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የተዘረጋው ወረዳኔት ከማዕከል ርቀው የሚገኙ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ከፌዴራልና ከክልል መሥሪያ ቤቶች ጋር አገናኘ። ለአፍሪካ አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ዕውቅና አገኘ። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ የአድራሻ ግንድ ከዓለም አቀፉ መዝገብ ወደ አፍሪኒክ፣ ከአፍሪኒክ ወደ አገልግሎት ሰጪው፣ ከእርሱም ወደ ተጠቃሚው እየረዘመ ይወርዳል። የዓለም አቀፉ መዝገብ ያልታደለ የአራተኛው ሥርዓት አድራሻ በየካቲት 2011 አለቀ።

፬. አድራሻ በሠንጠረዥ ውስጥ

«ሠንጠረዥ» ከፋርስ በዐረብኛ በኩል የመጣ የጨዋታ ስም ነው፤ በአደባባይና በቤተ መንግሥት ይዘወተር የነበረው ጨዋታ ገበታው በአራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ስለሆነ ስሙ ለረድፍና ለዓምድ ዝርዝር ተረፈ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1970 በአይቢኤም ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኤድጋር ኮድ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ እንዲያዝና ሠንጠረዦች በጋራ ዋጋ እንዲዛመዱ የሚያስችለውን ንድፈ ሐሳብ አሳተሙ። ዝምድናዊ የመረጃ ቋት የምንለው ከዚህ የተወለደ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1962 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ታተመ። ሁለቱ ሥራዎች አይተዋወቁም፤ የሁለቱም ችግር ግን አንድ ነበር። ይኸውም የተመዘገበው ነገር በኋላ እንዲገኝ በምን መልክና በምን ቅደም ተከተል ይያዝ የሚል ነው።

የመረብ አድራሻን በሠንጠረዥ ለመያዝ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ መያዝ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት እንከን አለበት። አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል፤ ኮምፒዩተሩ ምልክትን ከምልክት ስለሚያነጻጽር 10.3.8.10 ከ10.3.8.9 በፊት ይሰለፋል። ሁለተኛ፣ «በ10.3.8 የሚጀምረውን ሁሉ አምጣ» ብንለው 10.3.80.5ንም ያመጣል። ነጥብ ብንጨምርበት ይህ ይታረማል። ሦስተኛው እንከን ግን በነጥብም አይታረምም፤ የ10.3.8.0/22 ግንድ የሚቆረጠው በነጥብ ላይ አይደለምና፣ በ8፣ በ9፣ በ10 እና በ11 አራት ጊዜ መፈለግ ግድ ይሆናል። «ቅድመ ቅጥያ» የሚለው ስያሜ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። የቃላት ባለሙያ ከ«ሰበ» የሚጀምሩትን ሁሉ ቢሰበስብ «ሰበረ»ንና «ሰበከ»ን ባንድነት ያገኛል፤ «ተሰበረ»ን ግን ያጣል። በፊደል መነሻና በሥር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አድራሻውን እንደ አንድ ሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። 10.3.8.1 በዚህ ስሌት 167970817 ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ይቃናል፤ ስፋትንም በመነሻና በመድረሻ ቁጥር መፈለግ ይቻላል። ነገር ግን ለሰው ዓይን አይነበብም፣ የግንዱም ርዝመት ሌላ ዓምድ ይሻል። በ128 ቢት የሚጻፈው ስድስተኛው ሥርዓት ደግሞ በተለመደው ባለ 64 ቢት የቁጥር ዓይነት አይያዝም።

ሦስተኛው ለአድራሻ ራሱን የቻለ የውሂብ ዓይነት ማበጀት ነው። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 በወጣው 6.4 እትሙ «አይኔት» እና «ሳይደር» የተባሉ ሁለት ዓይነቶችን ጨመረ። አይኔት የአንድን መሣሪያ አድራሻ ከነግንድ ርዝመቱ ይይዛል፤ 10.3.8.1/24ን ይቀበላል። ሳይደር ግን መረብን ብቻ ስለሚመዘግብ ከግንዱ በስተቀኝ ዜሮ ያልሆነ ቢት ካገኘ ይመልሳል፤ 10.3.8.0/24ን ተቀብሎ 10.3.8.1/24ን እምቢ ይላል። ልዩነቱ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግልጽ ነው፤ «ሰበርኩ» በምሳሌ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል፣ ራስ ቃል ሆኖ ግን አይመዘገብም። ከሁሉም በላይ «ይህ በዚያ ውስጥ ነውን?» የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ዓይነቶች ላይ በቀጥታ ሊቀርብ ይችላል።

የአድራሻ ቁጥሮችን መዝገብ ለብዙ ዓመታት የጠበቁት ጆን ፖስቴል ያረፉት በዚሁ ወር፣ በጥቅምት 16 ቀን 1998 (ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.) ነው። የእነዚህን ዓይነቶች ሥራ የያዘው የፕሮግራሙ ክፍል በራስጌው ላይ ስማቸውንና ያረፉበትን ቀን ይዞ ይገኛል።

፭. አጻጻፍና ዋጋ

አንድ ነገር በብዙ መልክ መጻፉ ለአማርኛ አዲስ ችግር አይደለም። «ሰቆጣ» እና «ሠቆጣ» ለአንባቢ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የግዕዝ ፊደል በገባበት በዩኒኮድ ግን «ሰ» 4656፣ «ሠ» 4640 ስለሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። «ኽምራ» ላይ ያለው «ኽ» 4797 ነው፤ ሰው «ህ» ብሎ ቢጽፍ 4613፣ «ሕ» ቢል 4629፣ «ኅ» ቢል 4741 ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አናባቢው ከሰነድ ሰነድ ይለያያል። ሁለት ሠንጠረዦች በዚህ ስም እንዲዛመዱ ቢደረግ የአንዱ ወረዳ መረጃ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተንጠባጥቦ ይቀራል። «ኽምራ»ን በ«ኽ» መጻፍ የባለቋንቋውን የኽምጣናን ድምፅ ለማክበር ስለሆነ መፍትሔው ፊደሉን መቀነስ አይደለም። ዝምድናው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር እንዲሆን፣ ስሙም እንደ አክብሮቱ እንዲጻፍ ማድረግ ነው።

መለያ ቁጥሩም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። 0308 እንደ ተራ ቁጥር ቢያዝ የፊቱ ዜሮ ወድቆ 308 ይሆናል፤ ደረጃውም ይፈርሳል። በመረብ አድራሻ ውስጥ ተቃራኒው አደጋ አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች በዜሮ የሚጀምርን ክፍል በስምንት ቤት ቁጥር ስለሚያነቡት 10.3.010.1 ብሎ የጻፈ ሰው አሥር አስቦ ስምንት ያገኛል። ስድስተኛው ሥርዓት ደግሞ ተከታታይ ዜሮዎችን መዝለል ስለሚፈቅድ 2001:0:0:0:0:0:0:8 እና 2001::8 አንድ አድራሻ ናቸው። አንድ ወጥ አጻጻፍ እንዲኖር የሚያሳስበው ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ነው። የሞክሼ ፊደላትን ክርክር ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ የቆየ ጓደኛ ይሆንለታል።

አድራሻ የሰው ስም አለመሆኑም በዚህ መሥመር የሚታይ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ወደ ውጭ ሲወጡ በአንድ አድራሻ ሊታዩ ይችላሉ፤ የአንዱም አድራሻ ነገ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። የቦታ መለያም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በተጀመረው ጦርነት ሳቢያ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ሰቆጣ አካባቢ ገብተዋል። የቦታውን ቁጥር የሰው መለያ ያደረገ መዝገብ ቢኖር የተፈናቀለው ሰው ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይም ከነጭራሹ ይጠፋል። የመጣበትንና ያለበትን በሁለት ዓምድ፣ ሰውየውን ግን በራሱ መለያ የያዘ ሠንጠረዥ ሁለቱንም ይጠብቃል። ስንዴና ዘይት በስም ዝርዝር በሚታደልበት ስፍራ ይህ ልዩነት የባለሙያ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

፮. ስለ ስያሜ

ከላይ በቀረበው መሠረት ለተርጓሚዎች የሚከተሉትን እናቀርባለን።

«አድራሻ» ሥሩ ከተግባሩ ስለሚስማማ ይጽና። «መረብ» እና «ንዑስ መረብ»ም እንዲሁ። ለፊተኛው ክፍል «የአድራሻ ግንድ»፣ ለኋለኛው «የአድራሻ ጫፍ»፣ በእዝባር ቀጥሎ ለሚጻፈው ቁጥር «የግንድ ልክ» እንዲባል እንመክራለን። «ቅድመ ቅጥያ» ለሰዋስው ይቆይ። ግንዱን ከጫፉ የሚለየውን የቢት ረድፍ «ጭንብል» ማለት የባዕዱን ቃል ምሳሌያዊ ትርጉም መከተል ነው፤ ጭንብል ፊትን ይሸፍናል፣ ይህ ግን ግንዱን ከጫፉ ይለያል። ስለዚህ «የግንድ መለያ» የተሻለ ነው። በመረብ ላይ ያለን መሣሪያ «አስተናጋጅ» ማለትም ለአማርኛ አንባቢ የምግብ ቤት ሠራተኛን ከማስታወስ የዘለለ ጥቅም የለውም፤ «ባለ አድራሻ» ቢባል ይበቃል።

«ውሂብ» የሚለው ግን ከ«ወሀበ» የወጣ፣ «የተሰጠ» የሚል ሐሳብ ያለው በመሆኑ ከላቲኑ ምንጭ ጋር በትርጉም ይገጥማል፤ ከሥር መነሣት ምን ያህል እንደሚረዳም ያሳያል። «አይኔት» እና «ሳይደር» የፕሮግራም ቃላት ስለሆኑ በድምፃቸው ይወሰዱ፤ በማብራሪያቸው ላይ ግን የመጀመሪያው «ባለ ግንድ አድራሻ»፣ ሁለተኛው «የመረብ ግንድ» ተብለው ቢፈቱ ተማሪው ልዩነቱን ከስማቸው ይረዳል።

እነዚህን ቃላት ለማቅረብ ያነሣሣን የባዕድ ቃል ጥላቻ አይደለም፤ ራውተርንና ቢትን እንዳሉ ወስደናቸዋል። መመዘኛችን አንድ ነው፤ ስያሜው የነገሩን አሠራር ለማያውቀው ሰው ፍንጭ ይሰጣል ወይስ ያሳስተዋል? በሰቆጣ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የወረዳዎችን ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ወጣት ባለሙያ «ግንድ» የሚለውን ቃል ሲያነብ የሚጸናውንና ብዙውን የሚያቅፈውን ያስባል። «ቅድመ ቅጥያ» የሚለውን ሲያነብ ግን የሚቀጠለውንና የሚነሣውን ያስባል፤ ፍለጋውንም በፊደል ይጀምራል።